«ባዮቴክ ተመረቅኩ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን አልሠራሁም»

ጥያቄ፦

«የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። በባዮቴክኖሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ነጥቤ 3.4 ነው፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። ችግሬ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ አለመሥራቴ ነው። ፒሲአር፣ ያ ዲኤንኤ የሚባዛበት ዘዴ፣ ሲሠራ ያየሁት ከስልሳ ተማሪ ኋላ ቆሜ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ወይ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ ወይ ባዮሎጂና ሕክምና ላብራቶሪ ብሎ ባዮቴክን ይዘላል። ቤተሰብ ማስተርስ ግቢ ይለኛል። ጓደኛዬ ሌላ ዲግሪ ጀምሪ ትለኛለች። አንድ ላብራቶሪ ደግሞ ያለ ደመወዝ ለሦስት ወር በቴክኒሻን ረዳትነት እንድሠራ ፈቅዶልኛል። ከዲግሪዬ በታች አይሆንብኝም? ምን ይመክሩኛል ጋሼ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ማስተርሱን ለጊዜው ተይው። ሌላ ዲግሪ ከዜሮ መጀመሩንም ተይው። ወረቀት አለሽ፤ የጎደለሽ የተፍታታ እጅ ነው። አለቃሽ የጀመረውን ሥራ ላንቺ ትቶ ምሳ መሄድ ሲጀምር፣ ያኔ ባለሙያ ሆነሻል ማለት ነው። እዚያ እስክትደርሺ ያለውን መንገድ በዝርዝር ልንገርሽ።

መጀመሪያ የማስተርሱን ነገር። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልቃል። ፕሮፖዛል ጸድቆ ኬሚካል እስኪታዘዝ ሁለተኛው ዓመት ይጋመሳል። ፕራይመሩም (ፒሲአር የትኛውን ዲኤንኤ እንደሚያባዛ የሚመራው አጭር ዲኤንኤ) ኢንዛይሙም ከውጭ ነው የሚመጣው። የውጭ ምንዛሬ ይጠበቃል፣ ከዚያ ጉምሩክ ይጠበቃል። ዕቃው ሲደርስ ተማሪው እጁ ሳይፍታታ እየተጣደፈ ይሠራል። ውጤቱ በሚታይበት ጄል ላይ መስመሩ (ባንዱ) ካልታየው ዲኤንኤው ይሁን ፕራይመሩ ይሁን ማሽኑ፣ የቱ እንደተበላሸ መለየት ያቅተዋል። እንደምንም ጽፎ ይመረቃል። አሁን ደግሞ ቀጣሪ ከማስተርስ ምሩቅ የሚጠብቀው ይበልጣል፤ እጁ ግን ያው ነው። እንዲህ ሆነው የወጡ ጎበዝ ልጆች ብዙ አውቃለሁ።

ከስልሳ ሰው ኋላ መቆምሽ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪውም በአጭር ጊዜ በዛ፤ የላብ በጀት ግን በዚያው ልክ አላደገም። የፒሲአር ኢንዛይም በማይክሮ ሊትር ተቆጥሮ የሚገዛ ነገር ነው። ለስልሳ ልጅ አይበቃም። ስለዚህ መምህሩ ይሠራል፣ ተማሪው አንገቱን አስግጎ ያያል።

ደግሞ ፒሲአርን ከሚገባው በላይ አታግዝፊው። ማሞቁንና ማቀዝቀዙን ማሽኑ ይጨርሰዋል። የሰው ሥራ ከማሽኑ በፊትና በኋላ ያለው ነው። መመዘን፣ ማሟሟት፣ ማምከን፣ ሳይበከል ማዛወር፣ መመዝገብ። ሥራ ላይ ልጆች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

የማምከንን ነገር ልውሰድ። ለባህር ዳር ላብ ሠራተኛ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስለ ሚዲያ፣ ማለትም ጀርም ወይም ተክል ስለሚያድግበት ምግብ፣ መጽሐፉ ሁሉ «በ121 ዲግሪ፣ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ለ15 ደቂቃ» ይላል። የተጻፈው ግን በባህር ጠለል ላይ ላለ ላብ ነው። ባህር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኦቶክሌቩ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ዕቃ፣ ጌጅ ደግሞ የሚያሳይሽ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የውጭው አየር እዚህ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጥ ያለው እንፋሎት 118 ዲግሪ ግድም ነው።

ሦስት ዲግሪ ምን አላት እንዳትዪ። የባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመው ቅርጹ) ሲሰላ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ለመግደል የሚፈጀው ጊዜ 10 እጥፍ ይሆናል ተብሎ ነው። ለሦስት ዲግሪ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በጌጅ የሚሠራ አሮጌ ኦቶክሌቭ ከያዝሽ ሁለት ምርጫ አለሽ። ወይ ግፊቱን ወደ 18 ፒኤስአይ ታደርሺዋለሽ፣ ወይ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ታራዝሚዋለሽ። ስኳር ያለበት ሚዲያ እሳት ላይ ሲቆይ ይጠቁራልና ዕቃው ከቻለ የመጀመሪያው ይሻላል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን የግፊት ጣሪያ ግን በምንም ምክንያት አትለፊ። ፈንድቶ ሰው ይጎዳል። ቫልቩን ከመዝጋትሽ በፊት ደግሞ ውስጥ ያለው አየር በደንብ ይውጣ። አየር ተዘግቶበት ከቀረ ጌጁ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን አይከተለውም። በሙቀት መለኪያ የሚሠራው ዲጂታል ኦቶክሌቭ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም። እሱ ላይም ቢሆን ዕቃው ላይ የሚለጠፈው፣ ሲሞቅ የሚጠቁረው ቴፕ ጠቆረ ብለሽ አትተኚ። ቴፑ የሚነግርሽ ዕቃው መሞቁን ብቻ ነው። ስፖሩ መሞቱን ለማወቅ የስፖር አምፑል ከዕቃው ጋር አስገብቶ፣ ኋላ ኢንኩቤተር ውስጥ አቆይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ያወቀች ልጅ ሚዲያዋ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ሲያወጣ ግራ አይገባትም። ከየት እንደምትጀምር ታውቃለች።

ሰው ስንቀጥር እኔ ረጅም ጥያቄ አልጠይቅም። አንድ ብዕርና ወረቀት እሰጥና «ከ96 በመቶ አልኮል 250 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አዘጋጂልኝ» እላለሁ። ቀመሩን የማያውቅ ምሩቅ የለም። ጠርሙስ ፊት ሲቆም ግን ብዙው ይደነግጣል። 70 በ250 አባዝተሽ ለ96 ስታካፍዪ 182 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ያን ያህል አልኮል ትለኪና በዲስትልድ ዋተር 250 እስኪሞላ ትሞያለሽ። ቀጥዬ «ለምን 96ቱን እንዳለ አንጠቀምበትም?» እላለሁ። ውሃ የሚያንሰው አልኮል የጀርሙን ፕሮቲን ከላይ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ወደ ውስጥ በደንብ አይገባም፤ ጠረጴዛው ላይም ሳይሠራ ተኖ ያልቃል። ይህን በራሷ ቃል የምታስረዳኝ ልጅ ካለች ነጥቧን አልጠይቃትም።

ከዚያ ፒፔት፣ ፈሳሽ በልኩ የሚስበውን መሣሪያ፣ አስይዛታለሁ። 100 ማይክሮ ሊትር ውሃ እየሳበች ሚዛን ላይ ደጋግማ ትጥላለች። 100 ማይክሮ ሊትር ውሃ 0.1 ግራም ነው። ቁጥሩ 0.099፣ 0.100፣ 0.101 እያለ ከሄደ እጇ ደህና ነው። አንዴ 0.092፣ አንዴ 0.108 ካለ እጇ ገና ነው። ሁሌም ከታች ሆኖ እኩል ከመጣ ደግሞ ፒፔቱ ራሱ ካሊብሬሽን (የልክ ማስተካከያ) ይፈልጋል። ጀማሪ የሚሳሳትባት ቦታ አንድ ናት። የፒፔቱ መጫኛ ሁለት ማቆሚያ አለው። እስከ መጀመሪያው ተጭነሽ ትስቢያለሽ፤ ውሃውን ስታወጪ እስከ ሁለተኛው ትጨርሺዋለሽ። ብዙው ልጅ እስከ ሁለተኛው ተጭኖ ይስብና ከሚገባው በላይ ይወስዳል። ስትስቢ አውራ ጣትሽን በዝግታ ልቀቂው። በድንገት ከለቀቅሽው አረፋ ይገባና ልኩ ይጠፋል። ይሄ ልምምድ ውሃና ሚዛን እንጂ ኬሚካል አይፈልግም። የተፈቀደልሽ ላብ ውስጥ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ልትሠሪው ትችያለሽ።

መዝገብም አለ። ቀን፣ የኬሚካሉ ባች ቁጥር፣ የመዘንሽው ትክክለኛ ቁጥር፣ ያየሽው ነገር። 2 ግራም ለመመዘን ፈልገሽ 2.03 ከመጣ 2.03 ብለሽ ጻፊ። በእርሳስ አይጻፍም። ስትሳሳቺ በአንድ መስመር ሰርዘሽ አጠገቡ ትፈርሚያለሽ፤ ነጭ ማጥፊያ አይነካም። አይኤስኦ 17025 የተባለው የላብራቶሪ ብቃት ዕውቅና ያለው ወይም ለማግኘት የሚሯሯጥ ላብ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚጨነቀው በዚህ ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በሩ ላይ «ባዮቴክኖሎጂ» የተጻፈበት ቤት ብቻ ከፈለግሽ ባህር ዳር ጠባብ ናት። የዩኒቨርሲቲው የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አታገኚም። ሥራውን ከፈለግሽ ግን ሞልቷል፤ ስሙ ነው ሌላ። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። የቲሹ ካልቸር፣ ከተክል ቁራጭ በጠርሙስ ውስጥ ችግኝ የማባዛት፣ ሥራ አለው፤ የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም በሥሩ ነው። በጢስ ዓባይ መንገድ የፎገራን ከብት የሚያጠናው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ አለ። ዘንዘልማ የግብርና ግቢው አለ። የክልሉ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ላብራቶሪም አለ። ከዚህ ሌላ የከተማው ውሃ፣ የታሸገ ውሃ የሚያመርተው፣ ወተት የሚያቀነባብረው፣ ዘይት የሚጨምቀው ሁሉ ጥራት የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል።

ጥራት ቁጥጥርን አዲስ ምሩቅ ይንቀዋል፤ እኔ ግን እንደሱ ያለ የእጅ ማፍታቻ አላውቅም። የውሃ ምርመራን ተመልከቺ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነ ስስ ማጣሪያ ታሳልፊያለሽ። ባክቴሪያው ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ማጣሪያውን በእሳት ባመከንሽው ፒንሴት አንስተሽ፣ ሥሩ አየር ሳይቋጥር፣ ሚዲያው ላይ ታነጥፊዋለሽ። አንዷን ዲሽ በንጹሕ የመከነ ውሃ ብቻ ትሠሪያታለሽ፤ ኔጋቲቭ ኮንትሮል፣ ምንም ሊበቅልባት የማይገባ ማነጻጸሪያ፣ ናት። ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ ጠዋት ትቆጥሪያለሽ። የሚጠጣ ውሃ ላይ የሚፈቀደው ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ ነው። ኔጋቲቭ ኮንትሮልሽ ላይ አንዲት የባክቴሪያ ኮሎኒ (ነጠብጣብ) ከበቀለች የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ውድቅ ነው። ይህን በየቀኑ የምትሠራ ልጅ ናሙና መያዝ፣ ማምከን፣ ኮንትሮል፣ መቁጠር፣ መዝገብና ውጤት ላይ መፈረም ምን እንደሆነ በጥቂት ወር ታውቃለች። የዲኤንኤ ሥራ ስትጀምር የሚቀራት ትንሽ ነው፤ ኮንትሮል እዚያም ያው ኮንትሮል ነው።

ቲሹ ካልቸርም ተመሳሳይ ነው። ከውጭ ሲታይ ያምራል፤ ብርሃን ያለበት መደርደሪያ፣ በጠርሙስ ውስጥ አረንጓዴ ችግኝ። ሥራው ግን ትዕግሥት ነው። ሚዲያው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታወቀው ኤምኤስ የተባለው የተክል ምግብ ድብልቅ ነው፤ በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ ፒኤች 5.8፣ ከዚያ አጋርና ሆርሞን። ሙዝ ከሆነ በየሦስት አራት ሳምንቱ ከፍለሽ ወደ አዲስ ሚዲያ ታዛውሪያለሽ። ላሚናር ፍሎው፣ የተጣራ አየር የሚነፍስበት የሥራ ሣጥን፣ ሥር ለሰዓታት ትቀመጫለሽ። እጅሽ ጠርሙሱ አፍ ላይ አንዴ ካለፈ፣ ባልደረባሽ በር ከፍቶ ከተጫወተ፣ ሳምንት ቆይቶ ጠርሙሱ ነጭ ይለብሳል። ከላብ ወጥቶ አፈር ላይ ሲተከል ደግሞ እርጥበቱን ቀስ እያልሽ ካልቀነስሽለት ይደርቃል። ጣና ዳር ሙዝም ሸንኮራም ይበቅላል፤ ንጹሕ ችግኝ የሚፈልግ አለ። ይህን የሚችል እጅ ያላት ልጅ ሥራ አታጣም።

የጓደኛሽን ምክር በአጭሩ ልመልስ። ሆስፒታል ውስጥ የሕመምተኛ ውጤት ላይ የሚፈርመው የሙያ ፈቃድ ያለው የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ባዮቴክ ይህን በር አይከፍትልሽም፤ በሩ ላይ ቆሞ መከራከርም ጊዜ መግደል ነው። ግን ለዚያ አንድ በር ብለሽ አራት ዓመት ወደ ኋላ አትመለሺ። የምርምር፣ የእንስሳት፣ የምግብና የውሃ ላብ አለልሽ።

ማስታወቂያ ላይ «ባዮሎጂ ወይም ተዛማጅ» ሲል አመልክቺ። «ተዛማጅ» ያንቺ ቃል ነው። ባዮቴክን ጨርሶ ካልጠራ ደግሞ የትምህርት ማስረጃሽን ይዘሽ የሰው ኃይል ክፍሉን በአካል ጠይቂ፤ የወሰድሻቸውን የማይክሮባዮሎጂና የባዮኬሚስትሪ ኮርሶች አስምረሽባቸው። አንዳንዱ ቤት «አይቻልም» ይልሻል። አንዳንዱ ግን ማስታወቂያውን ሲጽፍ ባዮቴክ የሚባል ትምህርት መኖሩን ስላላሰበ ብቻ ነው የዘለለሽ።

ሲቪሽን እንዲህ አድርጊው። የምታውቂያቸውን ዘዴዎች በሦስት ክፈያቸው፤ ሲሠራ ያየሁት፣ ከሰው ጋር የሠራሁት፣ ብቻዬን የምሠራው። ሦስተኛው ባዶ ቢሆንም ባዶ ይሁን። «ፒሲአር፣ ኤሊዛ፣ ሴኩዌንሲንግ» ብሎ የደረደረ ሲቪ በየቀኑ ይመጣል። «የፕራይመሩን ማጣበቂያ ሙቀት እንዴት ወሰንሽ?» ሲባል ዝም ይላል። ከፕራይመሩ መቅለጫ ሙቀት ከሦስት እስከ አምስት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ተጀምሮ እየታየ ይስተካከላል፤ የሠራው ሰው ይህን ሳያስብ ይመልሰዋል። ያየሁት ብላ ለይታ የጻፈችውን ልጅ ግን አምናታለሁ። ላብ ውስጥ ያልሠራሽውን ሠራሁ ማለት ትልቁ ነውር ነው።

ስለ ጣና ላንሳ፤ የኛ ከተማ ባዮቴክ ተማሪ ሁሉ እንቦጭ ላይ መሥራት ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል። አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የሁላችንም ቁስል ነው። ግን «ከእንቦጭ ባዮጋዝ»፣ «ከእንቦጭ ማዳበሪያ» የሚል ፕሮፖዛል ሳይ መጀመሪያ የማየው የትራንስፖርት ወጪውን ነው። እንቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ አይሱዙ ጭነሽ ብትወስጂ የጫንሽው አብዛኛው የጣና ውሃ ነው። ጎንደር ዙሪያ ወይም ደምቢያ ዳርቻ የተሰበሰበ አረም ባህር ዳር ድረስ መጥቶ ጋዝ ቢሆን ነዳጁን አይመልስም። ስለዚህ ጥሩ ጥያቄ ማለት እዚያው ዳርቻ ላይ፣ ገበሬው ባለው ዕቃ፣ ዘሩ ሳይበተን እንዴት ይደርቃል ወይም ይበሰብሳል የሚለው ነው። ዘሩ ለዓመታት ጭቃ ውስጥ ሳይበቅል ስለሚቆይ፣ በደንብ ያልበሰበሰ ማዳበሪያ አረሙን ወደ ማሳ ሊወስደው ይችላል። ፕሮፖዛል ስትጽፊ ወረዳው ወይም ገበሬው «ይህን ስጪኝ» የሚልሽን ፈልጊ።

ሥራ እስክታገኚ በራስሽ ልትሠሪ የምትችይው ነገር ካለ እንጉዳይ ነው። የኦይስተር እንጉዳይ የባህር ዳር አየር ይስማማዋል። ከፎገራ የሩዝ ገለባ አለ፤ የጥጥ ተረፈ ምርትም ይሆናል። ችግሩ ሁልጊዜ ዘሩ ነው። ዘሩ ማለት በመከነ ማሽላ ላይ ያደገ የእንጉዳይ ክር ነው። ማሽላው ይቀቀላል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ በጠርሙስ ይመክናል፤ ከዚያ ንጹሕ ክር ይጨመርበትና እስኪወርሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ይህን ሳይበክል የሚያደርግ ሰው ነው የጠፋው፤ አንቺ ደግሞ ለዚህ ነው የተማርሽው። ገበያውን ግን አታጋኚ። ከሆቴሎችና ከጾም ወራት ውጭ ፈላጊው ትንሽ ነው። ያለ ፍሪጅ ደግሞ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም። እንደ መተዳደሪያ ሳይሆን እንደ ሥራ ማሳያ ያዢው። በነገርሽ ላይ የማታውቂውን ባክቴሪያ ቤት ውስጥ አታሳድጊ፤ እርጎም ቢሆን፣ ጠላም ቢሆን። ወጥ ቤት ላብ አይደለም።

ኔት ሲኖር የኮምፒውተሩንም ነገር አትርሺ። ኤንሲቢአይ የተባለው የጂን መረጃ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ አንድ ጂን ፈልጊ፤ ብላስት አድርጊው፣ ማለትም ከሌሎች ጋር አነጻጽሪው፤ ፕራይመር ንደፊለት። ነጻ ነው። ጋላክሲ የተባለው የዳታ መተንተኛ ድረ ገጽም ነጻ ነው። ትንሽ አር ወይም ፓይተን (የኮምፒውተር ቋንቋዎች ናቸው) ብትጨምሪበት ሌላው ሰው ሠርቶ መተንተን ያቃተውን ዳታ ይዞ ወዳንቺ ይመጣል። ይሄ ግን እጁን አይተካም።

ማስተርሱ መቼ ይሁን? እጅሽ ከተፍታታ በኋላ፣ የሚያናድድሽ አንድ ጥያቄ ሲኖርሽ። ያኔ ዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን አማካሪውን ምረጪ። የመግቢያ ፈተናውን ካለፍሽ በኋላ የዚያን አማካሪ የቀድሞ ተማሪዎች ፈልገሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ስንት ተማሪ በአንዴ ይይዛል፣ ፕሮጀክት ገንዘብ አለው ወይ፣ ማሽኑ የሚሠራ ነው ወይስ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ሆለታ ያለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል፣ ወይም አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ላይ የሚሠራ አማካሪ ካገኘሽ ብዙ ታተርፊያለሽ። ለውጭም የጀርመኑ የትምህርት ዕድል ዳድ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ አለ። እነሱም ቢሆኑ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ማስተርስ ስትገቢ ከመጀመሪያው ቀን የምታስቢው አንድ የወረቀት ሥራ አለ። ናሙናሽን ለሴኩዌንሲንግ (የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ለማንበብ) ወደ ውጭ የምትልኪ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪ ይህን የሚሰማው ሳጥኑን አሽጎ ፖስታ ቤት ሲደርስ ነው። ፕሮፖዛሉ በጸደቀበት ሳምንት ሁለት ነገር አድርጊ፤ ፕራይመር እዘዢ፣ ፈቃድ ጠይቂ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ያለ ደመወዝ የተባለው ሥራ። ግቢ። ግን እንደ ሰው ተዋውለሽ ግቢ። የሦስት ወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን በደብዳቤ ይጻፍ። በስም የሚመድቡልሽ አለቃ ይኑር። ትራንስፖርትና ምሳ ጠይቂ፤ አያሳፍርም፣ ብዙ ቤት ይሰጣል። ጋውንና ጓንት የነሱ ነው። በየወሩ መጨረሻ ብቻሽን የምትሠሪው አንድ ነገር እንዲጨመርልሽ ተነጋገሪ፤ በመጀመሪያው ወር ሚዲያ ማዘጋጀት፣ ቀጥሎ ናሙና መዝራትና መቁጠር፣ ከዚያ ውጤት መመዝገብ። ኢቲዲየም ብሮማይድ ያለበት ጄል ካለ ሳያሠለጥኑሽ አትንኪ፤ ዲኤንኤ የሚያጠቃ ኬሚካል ነው።

ዕቃ ማጠብ ከሰጡሽ ደስ ብሎሽ እጠቢ። ሳሙናው በደንብ ካልወጣ ባክቴሪያው አይበቅልም፤ ያኔ ሰው ሁሉ ሚዲያውን ይረግማል። በቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ በዲስትልድ ዋተር ሦስት ጊዜ አለቅልቂ። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውሃ እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ይወርዳል፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከቆመ ቅባት አለበት፣ ድገሚው። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ ብቻ ካጠብሽ፣ ወይም ወረቀት ተሸካሚና ስልክ አንሺ ካደረጉሽ፣ አመስግነሽ ውጪ።

ከዲግሪዬ በታች አይሆንም ወይ ላልሽው፣ ላብ ውስጥ በየትኛው ፍሪጅ ምን እንዳለ፣ የትኛው ሚዛን እንደሚያጭበረብር፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የቱ ዕቃ እንደሚድን የሚያውቀው ቴክኒሻኑ ነው። ዶክተሮቹም ሲጨንቃቸው እሱን ነው የሚጠሩት። ሦስት ወሩ ሲያልቅ የሚሰጡሽ ደብዳቤ «በትጋት አገልግላለች» ብቻ እንዳይል ተከታተይ። የትኛውን ዘዴ ብቻሽን እንደሠራሽ በስሙ ይዘርዝሩልሽ፤ አለቃሽ ይፈርምበት፣ ማኅተም ይረፍበት። ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያነበው ያንን መስመር ነው።